የአድዋ ፈረስና የገበያ ጩኸት

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ያደረ ሰው የሚነቃው በፈረስ ኮቴ ድምፅ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ በአድዋ ከአርበኞች ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ እያሰበ በዓሉን በዚህ ዕለት ያከብራል። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ነው፤ የአድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ም እንዲሁ የዚሁ ሰማዕት ዕለት ነበር። ፈረስና ፈረሰኛ፣ ድልና ጸሎት በአንድ ቀን የሚገናኙበት በዓል ነው።

ከዓመታት በፊት፣ የመጠጥ ማስታወቂያ በየአደባባዩ በተንሰራፋበት ዘመን፣ በዚያ በዓል ዋዜማ አንድ ትልቅ የጨርቅ ማስታወቂያ ተሰቅሎ አየሁ። በተሸለመ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ በጋሻው ፈንታ ጠርሙስ አንግቧል። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ቀና ብለው ተመለከቱና «ይህ ልጅ ጠላት ቢመጣበት በምን ሊመክት ነው?» አሉ። በዙሪያቸው የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ማስታወቂያው ተሳካለት ወይስ ከሸፈ? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተወኝም።

ጥያቄው የቆየ ነው። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ሰው ክላውድ ሆፕኪንስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ቀልድን ከንግድ አርቆ ነበር። ዴቪድ ኦጊልቪም ለረዥም ጊዜ ቀልድ ዕቃ አይሸጥም ብሎ ሲያምን ኖሮ፣ በ1983 ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡን ለውጧል። የእኛ ሀገር ነጋዴ ግን የማንንም መጽሐፍ አልጠበቀም፤ በገበያ መሐል ሸቀጡን በቀልድ እያሞካሸ ሲሸጥ የኖረ ነው። ይሁንና የገበያ ቀልድ መልስ አለው። ገዢው ይመልስለታል፤ ቀልዱ ከከፋም ነጋዴው እዚያው ይወቀሳል። የተሰቀለ ሥዕል ግን የሚናገር እንጂ የሚሰማ አይደለም።

የተቀደሰን ምስል ለገበያ ማዋልም ቢሆን ትናንት የተጀመረ አይደለም። በአውሮፓውያን 1922 የተመሠረተው የአዲስ አበባው ቢራ ፋብሪካ የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ወሰደ፤ ሰማዕቱ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየውንም ሥዕል በጠርሙሱ ላይ ለጠፈ። ፋብሪካው በደርግ ተወረሰ፤ በ1998 ደግሞ ለፈረንሳይ ኩባንያ ተሸጠ። ሥዕሉ ግን ከጠርሙሱ ጋር ዘለቀ። በቤተ ክርስቲያን የምንሳለመውን ምስል በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስናየው የማንደነግጠው ስለ ተስማማን ነው ወይስ ስለ ለመድነው? ልማድና ፈቃድ አንድ አይደሉም።

በኢትዮጵያ ሚሊኒየም መባቻ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ። ዲኬቲ የተባለው ድርጅት የቡና ጣዕም ያለው ኮንዶም ለገበያ አቀረበ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም 300,000 ያህል መሸጡን ገለጸ። ብዙዎች ሳቁ፤ ሌሎች ግን ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ዕጣን ጨሶ የሚጠጣን ቡና ከዚህ ጋር ማገናኘት ነውር ነው ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል። ነገር ግን ዘመኑ ኤች አይ ቪ ስንቱን ቤት ያራቆተበት ነበር። ከቡናው ክብር የተበደረው ነገር ቡናውን ለሚጠጣው ሰው ሕይወት ሆኖ ተመልሷል።

በዓለም ላይ በድፍረቱ ስሙ የገነነው የጣሊያኑ ቤኔቶን ነው። በ1992 በኤድስ ሊሞት የሚያጣጥረውን የዴቪድ ከርቢን ፎቶግራፍ ለልብስ ማስታወቂያ ሲያውለው ብዙ ውግዘት ወረደበት፤ ሆኖም የሟቹ ቤተሰብ ሰው ስለ በሽታው እንዲያውቅ ብሎ ፈቅዶ ነበር። በ2000 ይኸው ኩባንያ ሞት የተፈረደባቸውን እስረኞች ምስል ይዞ ወጣ። በዚህ ጊዜ ግን የተገደሉባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ተቆጡ፤ የሚዙሪ ግዛት ከሰሰው፤ ሲርስ የተባለው ትልቅ የመደብር ኩባንያ ዕቃውን ከመሸጥ ታቀበ። በመጨረሻም ቤኔቶን ለቤተሰቦቹ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ።

እንግዲህ ልዩነቱ ከሳቅ ወይም ከድፍረት አይመስለኝም። መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ምስሉ የማን ነው? ለባለቤቱስ ምን ተመለሰለት? የእኛም ሕግ ይህን በከፊል ነክቶታል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ የኅብረተሰቡን ባህላዊ እሴት እንዲያከብር ያዝዛል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል። ሆኖም ሕግ የሚከለክለውን እንጂ የሚያሳፍረውን ሁሉ አይጽፍም። ያን የሚያውቀው የነገሩ ባለቤት ነው።

አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ልብ ሳይፈቅድ ጥርስ ይስቃልና። የእንጅባራው አዛውንትም ስቀዋል። ያን ማስታወቂያ ያሠራው ነጋዴ በሥፍራው ቢኖር ኖሮ ሳቁን ሰምቶ ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን የሽማግሌውን ጀርባ አይቻለሁ። ያ ፈረስ በአድዋ የወደቀው ለጠርሙስ አልነበረም፤ ማንም ይህን ሳይነግራቸው እርሳቸው ያውቁት ነበር።