ነቀዝ፣ ክሽክሽና ትኋን፦ በቤት የሚዘጋጁ መከላከያዎች እስከ የት ይሠራሉ?

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ በብዙ ቤቶች በቆሎና ቦሎቄ የሚቀመጡት ቤተሰቡ በሚያድርበት ጣሪያ ሥር ነው። ነቀዝ ሲወጣ ብዙዎች ፈጥነው የሚያስቡት በገበያ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ነው። በክኒኑ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ በዚያው ቤት የተኙ ሰዎችንም ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ ክኒኑ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ በምንም ዓይነት መንገድ መቀመጥ የለበትም።

ክኒኑን የሚተካው ዘዴ በአብዛኛው በእያንዳንዱ ቤት ይገኛል። ይሁን እንጂ ዘዴው ለምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ሲቀር ድካሙ ከንቱ ይሆናል። እንስቷ ነቀዝ እንቁላሏን የምትጥለው የበቆሎውን ፍሬ ቦርቡራ በውስጡ ነው። እጩም የሚያድገው እዚያው ተደብቆ ሲሆን፣ በሞቃት ወቅት አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። በወንፊት የተነፋ እህል ከወር በኋላ እንደገና የሚነቅዘው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅ ነው። እህሉ መድረቁን በጥርስ ከመሞከር ይልቅ በጨው መፈተን የተሻለ ውጤት ይሰጣል። በደረቀ ጠርሙስ ሩብ ያህል እህል ይጨመርና ጥቂት ደረቅ የገበታ ጨው ታክሎበት ይከደናል፤ ለጥቂት ደቂቃዎች በደንብ ከተናጠ በኋላ ለሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለሳል።

ፀሐይ ከማድረቅም አልፋ ነቀዝ ትገድላለች። እህሉ በጥቁር ላስቲክ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ በላዩ ነጭ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ተጋርዶ፣ ጠርዙ በድንጋይ ከተጫነ፣ ጠራራ ፀሐይ ባለበት ቀን ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሙቀት ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ በፍሬው ውስጥ ያለውን እጭ ጭምር ይፈጃል። ለዘር የታሰበው ግን የመብቀል ኃይሉን እንዳያጣ ለብቻው ይለያል። እህሉ ሳይቀዘቅዝ ከተከተተም ላብ ያወጣና ይሻግታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልፍ ነገር አየር መከልከል ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ እህሉ እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑ አየር በማያስገባ ሁኔታ ይጠበቃል። በውስጡ የቀሩት ነቀዞች ያለውን ኦክስጅን ራሳቸው ይጨርሱና መብላትም መራባትም ያቆማሉ። ሁለት የላስቲክ ሽፋንና አንድ የውጭ ከረጢት ያላቸው፣ ፒክስ በሚል ስም የሚታወቁት ማዳበሪያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ስልት ነው። ጀሪካኑን በየሁለት ቀኑ ከፍቶ ማየት አዲስ አየር ማስገባት ስለሆነ፣ ለዕለት ፍጆታ የሚሆነውን በሌላ ዕቃ መለየት ይበጃል። ፒክስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተሰብ ያገለገለ ጀሪካን የማይናቅ ጎተራ ነው፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት ግን ቢታጠብም ለእህል አይሆንም።

እናቶች በቆሎን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡበት ልማድም መሠረት አለው። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ እንደ ልቡ መዘዋወር አይችልም፤ በሚፈለግበት ጊዜ ደግሞ ሁለቱን በወንፊት መለየት ቀላል ነው። የተነፋ አመድም እንዲሁ ነው፤ በተጨማሪም የነቀዙን ቆዳ እየፋቀ ያደርቀዋል። አንድ እፍኝ አመድ በኩንታል ላይ መበተን ግን ራስን ከማታለል አያልፍም። ለቦሎቄ በአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት እያንዳንዱ ፍሬ እስኪወዛ ማሸት፣ ነቀዙ የሚጥለው እንቁላል እንዳይፈለፈል ያደርጋል።

ወደ ጓሮ ሲወጣ ጎመንን የሚያስቸግረው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ የሚወጋውና የሚመጠው ከቅጠሉ ሥር ተሰብስቦ ስለሆነ፣ ከላይ ብቻ የተረጨ ውህድ አይነካውም። በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ የቅጠሉን ጀርባ እስኪንጠባጠብ መርጨት ክሽክሹን ይገድለዋል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይመረጥም። የሳሙና ውኃ ከደረቀ በኋላ ኃይል ስለማይኖረው በሳምንት አንዴ ይደገማል። ጊዜው አመሻሽ ቢሆን ይሻላል፤ መጀመሪያም በሁለትና ሦስት ቅጠል ላይ ይሞከራል። ክሽክሽ ባለበት ጉንዳን ሲመላለስ ከታየ፣ ጉንዳኑ የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ከጠላቶቹ እየጠበቀው ነው። ከጠላቶቹ አንዷ በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ስትሆን፣ እርሷን መግደል የክሽክሽን ዕድሜ ማራዘም ነው።

በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ የሚዘጋጀው ውህድ ከሚወራለት ያነሰ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ያርቃል እንጂ ብዙ አይገድልም። ከዕፅዋት መካከል የኒም ዘር የተሻለ ነው። የተፈለፈለና የተወቀጠ 50 ግራም ዘር በአንድ ሊትር ውኃ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ጥቂት ሳሙና ተጨምሮበት አመሻሽ ላይ ይረጫል፤ ፀሐይ ኃይሉን ታጠፋዋለችና። ተባዩ ወዲያው ባይሞትም መብላትና ማደግ ያቆማል። የትምባሆ ውኃ ግን «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ሊናቅ አይገባም። ኒኮቲን በቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይመርዛል፤ ለቃሪያና ለቲማቲምም የቫይረስ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በእርሻ ላይ ትልቁ ፈተና የመጣው በየካቲት 2009 ዓ.ም. ነው። በወቅቱ የአሜሪካ መጤ ተምች በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል፣ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነበር። ብዙ ገበሬዎች ትሉን በእጅ እየለቀሙ፣ በበቆሎው ለጋ እምብርት ውስጥ አመድና አፈር እየጨመሩ ታግለውታል። ዘዴው የሚሠራው ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ነው። የእሳት እራቷ በአንድ ቦታ ከ100 በላይ እንቁላል ልትጥልና በጸጉር መሰል ነገር ልትሸፍን ስለምትችል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳውን ዞሮ ክምሩን በጣት መጨፍለቅ መቶ ትል ከመልቀም ያድናል። ትሉ ወደ እሸቱ ከገባ አመድ አይደርስበትም። ቲማቲም ላይ ቅጠሉን እየሰረሰረ በውስጡ ለሚኖረው ትልም እንዲሁ በቤት የተዘጋጀ ርጭት ብዙ አይፈይድም፤ የተጠቃውን ቅጠል ቀጥፎ በላስቲክ ቋጥሮ ፀሐይ ላይ ማቆየት ይሻላል።

በቤት ውስጥ ትኋን የሚሸነፈው በሙቀት ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ በአልጋው እንጨት ስንጥቅ ውስጥም የፈላ ውኃ ይፈሳል። ፍራሽ ላይ ለሰብል የተሠራ ፀረ ተባይ መርጨት፣ ወይም አልጋውን በነጭ ጋዝ ማራስ፣ መርዝና እሳት ወደ መኝታ መጋበዝ ነው። ለትንኝ ጥንጁት ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጨስ ለጊዜው ያርቃል እንጂ አጎበርን አይተካም። ውኃ የተጠራቀመባቸውን በርሜሎች መክደንና ጎማዎችን በሳምንት አንዴ ማድረቅ ግን እጩ ትንኝ ሳይሆን እንዲሞት ያደርጋል።

በመጨረሻ ስለ እንዶድ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ተክሉ የቢልሃርዝያ ትል የሚራባባቸውን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ሆኖም እንዶድ ዓሣም ይገድላል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ውኃው ገብቶ በወንዝ የሚወጣበት በር የለውም። ስለዚህ የእንዶድም ሆነ የትምባሆ ዝፍዝፍ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አይደፋም፤ የተረፈው ከጉድጓድ ውኃና ከቦይ ርቆ በደረቅ አፈር ውስጥ ይቀበራል።