የተሽከርካሪ ቀለም አጠባበቅ፦ የሴራሚክ ልባስና የሚረጭ ሰም የሚሠሩትና የማይሠሩት

በየመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ ከሚቆሙት ነጫጭ የመስክ ተሽከርካሪዎች መካከል ዕድሜ የጠገቡትን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ተመሳሳይ ምልክት ያገኝባቸዋል። ሞተራቸው ገና ብዙ የሚያገለግል ሆኖ ሳለ ኮፈናቸውና ጣሪያቸው ፈዝዞ፣ በእጅ ሲዳሰሱ እንደ ኖራ ያለ ዱቄት ይለቃሉ። የቀለም መጎዳት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀለሙ ሲሰነጠቅና ሲላጥ እርጥበት ወደ ብረቱ ይደርሳል፤ ዝገት ይጀምራል፤ ተሽከርካሪው በጨረታ በሚወገድበት ጊዜም የሚያወጣው ዋጋ ዝቅ ይላል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ ለረጅም ጊዜ ጠብቆ የማቆየቱ ጉዳይ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ናቸው ተብለው ከሚቀርቡት መካከል የሴራሚክ ልባስና በጠርሙስ የሚሸጠው የሚረጭ ሰም ይገኙበታል። ሁለቱም ጠቀሜታ አላቸው። ይሁን እንጂ “ቀለሙ ከእንግዲህ አይጫርም”፣ “መታጠብም አያስፈልገው” በሚል የሚነገርላቸው ከእውነታው የራቀ በመሆኑ የንብረት አስተዳደርና የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊዎች ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት አሠራራቸውን በውል ሊረዱት ይገባል።

በአሁኑ ዘመን ከፋብሪካ የሚወጣ ተሽከርካሪ ቀለሙ በአንድ ጊዜ የሚቀባ አይደለም። በብረቱ ላይ በመጀመሪያ ጸረ ዝገት ልባስ፣ ቀጥሎ ማለስለሻ፣ ከዚያም መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም ቀለም አልባና ብርሃን አሳላፊ የሆነ የላይኛው ልባስ ይደረጋል። የሁሉም ውፍረት ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የላይኛው ልባስ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ይህም ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። የፀሐይን ጨረር የሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው የሚገኙት በዚሁ ስስ ልባስ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ በማሽን መፈተግ ወይም ፖሊሽ ማድረግ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል፤ የተወሰደው ደግሞ እንደገና ከመቀባት በቀር በሰምም ሆነ በሴራሚክ ተመልሶ አይተካም። በየዓመቱ “እንዲያበራ” እየተባለ የሚፈተግ ተሽከርካሪ ዕድሜው እያጠረ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም።

የአገራችን የአየር ጠባይም በዚህ ረገድ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ቢመስልም ፀሐይዋ በቀለም ላይ የምታደርሰው ጉዳት ከፍተኛ ነው። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ፣ የጠጠር መንገዱ ኮረት፣ በየዛፉ ጥላ ሥር ሲቆም የሚንጠባጠበው ሙጫና የወፍ ኩስ ይታከላሉ። የወፍ ኩስ በፀሐይ ሙቀት በለሰለሰ ልባስ ላይ ደርቆ ሲቆይ ከታጠበ በኋላም የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል።

የሴራሚክ ልባስ የሚባለው በስሙ እንደሚታሰበው በምድጃ የሚጋገር ሸክላ አይደለም። ሲሊኮንን መሠረት ያደረጉ ውሑዶች በአሟሚ ውስጥ ተበጥብጠው የሚዘጋጁበት ፈሳሽ ሲሆን፣ በንጹሕ ቀለም ላይ ሲቀባ አሟሚው ይተንናል፤ የቀረውም ከአየሩ እርጥበት ጋር ተዋሕዶ ይጠነክርና ከቀለሙ ጋር ይያያዛል። የሚፈጠረው ሽፋን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ከኮረት ምት ይከላከላል መባሉ ትክክል ላለመሆኑ ይኸው ውፍረት በቂ ማስረጃ ነው።

በማስታወቂያ ላይ ደጋግሞ የሚታየው “9ኤች ጥንካሬ” የሚለው አገላለጽም ማብራሪያ ይሻል። ይህ መለኪያ የእርሳስ ፈተና ነው። የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው እርሳሶች በተወሰነ ማዕዘንና ክብደት በልባሱ ላይ ይገፋሉ፤ 9ኤች በመለኪያው ከሁሉም ጠንካራ የሆነው እርሳስ ነው። እርሳስ ከግራፋይትና ከሸክላ የሚሠራ ነው። በመንገድ አቧራ ውስጥ የሚገኘው የኳርትዝ አሸዋ ግን በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ብርጭቆን እንኳ የሚጭር ነው። በመሆኑም የእርሳስ ፈተናን ያለፈ ልባስ በአቧራማ ጨርቅ ከመጫር አይድንም። ይህ ጸሐፊ የሚያውቀው አንድ ተሽከርካሪ ልባሱ በተቀባለት በጥቂት ወራት ውስጥ ኮፈኑ የሸረሪት ድር በሚመስል ጭረት የተሸፈነው ሾፌሩ በየማለዳው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጠርግ ስለነበረ ነው። ትጋቱ በጎ ነበር።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ልባሱ ውኃና ቆሻሻ በቀላሉ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ጭቃ በትንሽ ውኃ ይለቃል፤ የወፍ ኩስና ሙጫ ወደ ቀለሙ ከመዝለቃቸው በፊት ለማጽዳት ፋታ ይሰጣል፤ የሳሙናንም ኃይል ከሰም በተሻለ ይቋቋማል። አምራቾች እንደየዓይነቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል ይላሉ፤ ይሁንና የአገልግሎት ዘመኑን በአብዛኛው የሚወስነው የአስተጣጠብ ሁኔታ ነው። ውኃው እንክብል እየሠራ መንሸራተቱ መልካም ቢሆንም፣ እንክብሉ በፀሐይ ላይ እንዲደርቅ ከተተወ በተለይ የጉድጓድ ውኃ የያዘው ካልሲየምና ማግኒዚየም ነጭ ክብ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ልባስ ያለውም ተሽከርካሪ ከታጠበ በኋላ መድረቅ ያለበት በጨርቅ ነው።

አቀባቡ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተሽከርካሪው ታጥቦ፣ የተጣበቀበት ሬንጅና ብናኝ ተነሥቶ፣ አስፈላጊ ከሆነ ብቻ በስሱ ተፈትጎ፣ ቅባቱ በአልኮል ከተወለወለ በኋላ ጥላ ባለበትና አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይቀባል። ትርፉ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተወለወለ ደርቆ ይቀርና ሌላ ፍተጋ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ውኃ እንዳይነካው፣ እስከ አንድ ሳምንት ድረስም በሳሙና እንዳይታጠብ ማድረግ የተለመደ ነው። ክረምት በገባበት ወቅት መጠለያ በሌለው ግቢ ይህንን ማሟላት የሚቻል አይሆንም።

የሚረጭ ሰም በአንጻሩ ማንኛውም ሾፌር በሩብ ሰዓት ሊሠራው የሚችለው ነው። ቀድሞ የነበረው ጠጣር ሰም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅለው የካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን፣ የሚረጨው ዓይነት ግን ሰምን ወይም ሲሊኮን ነክ ውሑዶችን በውኃ ውስጥ በትኖ የያዘ ነው። በታጠበና በቀዘቀዘ አካል ላይ በስሱ ይረጫል፤ በአንድ ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዳረሳል፤ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ከጥቂት ሳምንታት እስከ 3 ወር ያህል ይቆያል። በፍሬን ዲስክ ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ የግድ ሲሆን፣ የፊት መስታወትንም ስለሚያደበዝዝ አለመንካቱ ይመረጣል። በባትላሜራ ተጠግኖ አዲስ በተቀባ አካል ላይ ግን ሰምም ሆነ ሴራሚክ ቶሎ ማድረግ አይገባም። ቀለሙ ውስጥ የቀረው አሟሚ መውጫ ያስፈልገዋል፤ በተለምዶ የሚመከረው ከ30 እስከ 90 ቀን መቆየት ሲሆን፣ የቀለሙ አምራች የሰጠው መመሪያ ካለ እርሱ ይቀድማል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነጥብ አንዳንድ ነጭ የሥራ ተሽከርካሪዎች የላይኛው ብርሃን አሳላፊ ልባስ የሌላቸው መሆኑ ነው። ለመለየት እምብዛም አያዳግትም። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ ተደርጎ ከማይታይ ቦታ ሲታሽ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ልባሱ የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ሲፈዝ የሞተውን ገጽ በስሱ አንሥቶ በየጊዜው ሰም መቀባት በዝቅተኛ ወጪ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ልባሱ ኖሮት የተላጠ ተሽከርካሪ ግን የቀለም ቀቢ ሥራ እንጂ የሰምም የሴራሚክም ሥራ አይደለም።

አገልግሎቱን በግዥ የሚያገኙ መሥሪያ ቤቶች በዝርዝር መግለጫቸው ላይ ሊያካትቱት የሚገባው አንድ ነገር የቀለም ውፍረት ልኬት ነው። በመለኪያ መሣሪያ ከፍተጋ በፊትና በኋላ በየአካሉ ተለክቶ በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ፣ ባለሙያው ምን ያህል ልባስ እንደወሰደ ያሳያል። የዋስትና ሰነድም በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ አንዳንዱ ተሽከርካሪው በየጊዜው እየቀረበ እንዲታይ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ለመስክ መኪና ይህ አስቸጋሪ ነው። በበር ላይ የሚለጠፍ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ካለም ከልባሱ በፊት መለጠፍ ይኖርበታል፤ ሴራሚክ በተቀባ ገጽ ላይ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም።

ሁለቱንም አለመግዛት ቢመረጥ እንኳ አስተጣጠብን ማስተካከል ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። በላቫጆም ሆነ በግቢ ውስጥ የልብስ ሳሙና ዱቄት ሰሙን ጠርጎ ስለሚወስድ ለመኪና የተዘጋጀ ሳሙና መጠቀም፤ አቧራውን በመጀመሪያ በውኃ ማውረድ፤ ሁለት ባልዲ ይዞ በአንዱ ሳሙናውን፣ በሌላው ጨርቁን ማለቅለቅ፤ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ፤ የጎማውን ጨርቅ ለአካሉ አለማዋል ነው። በናፍጣ መወልወል ለአንድ ቀን ያበራል፤ በማግስቱ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል።

የሚረጭ ሰም ለሚጠቀም መሥሪያ ቤት ተስማሚ የሆኑት ወቅቶች ሁለት ናቸው፤ ዝናቡ ሲያበቃና አቧራው ሳይነሣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ እንዲሁም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት ወር። በመካከሉ ጥር ላይ አንድ ጊዜ ቢጨመር፣ በተለይ እንደ ድሬዳዋና ሠመራ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ለሚመደቡ ተሽከርካሪዎች፣ ይመረጣል።