የወደብ ሠራተኛ ወገብና የሐኪም ዓይን፤ ከራጅ እስከ ኤም አር አይ

ስለ ጅቡቲ ከተማ የተጻፈ ታሪክ ሲነበብ ጎልቶ የሚታየው የሐዲዱ ርዝመትና የመርከቡ ጭነት ነው። የባቡሩ መሥመር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን፣ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር እንደነበረ ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጆንያውን ከመርከብ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ፉርጎ ያሻገረው ጀርባ ግን ይህን ያህል ስፍራ አላገኘም። እኛ እዚህ ልናነሣ ያሰብነው ያ ጀርባ በታመመ ጊዜ ሐኪሙ ምን ማየት እንደቻለ፣ ምንስ ማየት እንደተሳነው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ለታሪካችን ቅርብ ከሆነ ጊዜ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኘው በኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነበር። አራት ወር ሳይሞላ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። በዚያው በ1896 በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ከዘመቻው ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ በሕክምና ታሪክ ይጠቀሳል። የኛን ቁስለኞች ለመርዳት የተነሣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በበኩሉ፣ ኢጣሊያኖች በምጽዋ እንዳያልፍ ስለከለከሉት፣ በጅቡቲ በኩል ዞሮ፣ የሐዲዱ ሥራ ገና ስላልተጀመረ በረሃውን በቅፍለት አቋርጦ፣ በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። ዓድዋን ስናስተምር ይህ ምዕራፍ ለምን እንደሚዘለል አይገባንም።

ራጅ አጥንትንና ብረትን አጥርቶ ያሳያል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠውን ዲስክና በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ግን አያሳይም። ዲስኩ ተሰንጥቆ ነርቭን ሲጫን ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ሕመም እንደሚያመጣ አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ሚክስተርና ባር በግልጽ ያስረዱት በ1934 ነው። እንግዲህ ከሮንትገን በኋላ አርባ ዓመት ያህል አልፏል ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ነርቩ መጫኑን ለማረጋገጥ በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ በመርፌ ቀለም መስጠት ያስፈልግ ነበር። በየትኛውም ወደብ ቢሆን፣ ኩንታል ሲያወርድ ወገቡን የያዘው ተሸካሚ ራጅ ተነሥቶ «አጥንትህ ደኅና ነው» ከተባለ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። ወይ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፣ ወይም በአለቃው ዘንድ ሥራ ጠል ይባላል። ፊልሙ ዝም ስላለ ሰውዬው ዋሸ ማለት እንዳልነበረ ዛሬ እናውቃለን።

ጅቡቲ ነጻነቷን ያወጀችው በሰኔ 20 ቀን 1969 በኛ አቆጣጠር፣ ማለትም በጁን 27 ቀን 1977 ነው። ልክ በስድስተኛው ቀን፣ በጁላይ 3፣ በኒውዮርክ ብሩክሊን ሬይመንድ ዳማዲያንና ረዳቶቹ የአንድን ሰው ደረት በማግኔት መሣሪያ አነሡ። አንዲቱን ምስል ለማግኘት አምስት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። የኖቤል ሽልማቱ በ2003 የተሰጠው ግን ለፖል ላውተርበርና ለፒተር ማንስፊልድ በመሆኑ ዳማዲያን በጋዜጣ ሙሉ ገጽ እየገዛ አቤቱታውን አሰምቷል።

የአሠራሩ መሠረት ለፊዚክስ መምህራን ባልደረቦቻችን አዲስ አይደለም። በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን ፕሮቶን እንደ ደቃቅ ማግኔት ነው። ብርቱ ማግኔት ያሰልፈዋል፣ የራዲዮ ሞገድ ያዘነብለዋል፤ ወደ ስፍራው ሲመለስ የሚሰጠው ምልክት ተሰብስቦ ምስል ይሆናል። ስለዚህ በአንደኛው ዓይነት ምስል ውኃ የሞላው ዲስክ ነጣ ብሎ፣ የደረቀው ጠቁሮ ይታያል። በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት የ1.5 ቴስላ ማግኔት ከምድር መግነጢስ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል። የማግኔቱም ሽቦ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አለበት። በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በጅቡቲ ይህን ቅዝቃዜ ጠብቆ ማቆየት የማያቋርጥ ኃይል ይጠይቃል። ከ2011 ጀምሮ ከተማይቱ ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መሥመር ኤሌክትሪክ ታገኛለች። በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘንድ መሣሪያው «ኢ ኤር ኤም» ይባላል። የዓድዋው ራጅ በሥጋ ውስጥ ብረት ሲፈልግ ይህኛው ብረትን ይፈራል። የፈንጂ ስብርባሪ በሰውነቱ ያለበት ሰው፣ በተለይም የቀድሞ ወታደር፣ ወደ ክፍሉ ሳይገባ መናገር ይኖርበታል።

ይሁንና ምስሉ ሁሉን ይናገራል ብሎ ማመን ሌላ ስሕተት ነው። በ1994 በአሜሪካ 98 የወገብ ሕመም የሌላቸው ሰዎች ተመርምረው በሁሉም ዲስኮቻቸው ምንም እንከን ያልተገኘባቸው 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። ዛሬ ሐኪሞች ለተራ የወገብ ሕመም ወዲያው ኤም አር አይ የማያዙት ከዚህ የተነሣ ነው፤ አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። እግር ሲዝል፣ በጭን መካከል ሲደነዝዝ፣ ሽንት አልታዘዝ ሲል፣ ትኩሳት ወይም ቀድሞ የታወቀ ካንሰር ሲኖር ግን መዘግየት አይገባም። አንገት ታምሞ እጅ ሲደክምም እንዲሁ ነው። ገንዘቡን ከየትም ተበድሮ «ማሽኑ ይየኝ» የሚለውንና አስቸኳይ ምልክት ይዞ ቤቱ የሚቀመጠውን ስናስተያይ፣ የኋለኛው ይበልጥ ያሳስበናል።

ጀርባው ራሱስ? የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ በ2009 ሥራ ሲጀምር ብዙው ሸክም ወደ ክሬን ዞሯል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ የሚያነሣው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ተመልክቷል፤ ባለ 100 ኪሎውን ኩንታል በጫንቃው የተሸከመ አባት ያለው ተማሪ ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። ሕመሙም ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻግሯል። የኢትዮጵያ ተሳቢዎች በጋላፊ በኩል ቁልቁል ወርደው ከከተማይቱ ዳር ፒኬ 12 በሚባለው ስፍራ ወረፋ ይጠብቃሉ። ሹፌሩ በዚያ ሁሉ መንገድ እየተንገጫገጨ ከተቀመጠበት ሲወርድ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ መለጠጥ ነው።