አንዲት ቃል ስትጎድል፦ የእንግሊዝኛ አሉታ ታሪክ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1631 የእንግሊዝ ንጉሥ አታሚዎች የነበሩት ሮበርት ባርከርና ማርቲን ሉካስ በለንደን አንድ መጽሐፍ ቅዱስ አትመው አወጡ። ባርከር ለሙያው እንግዳ አልነበረም፤ በንጉሥ ጄምስ ዘመን ተተርጉሞ በ1611 የወጣውን ዝነኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያተመውም እርሱ ነው። በዚህኛው እትም ግን በዘፀአት ምዕራፍ 20 ላይ፣ ዝሙትን በሚከለክለው ትእዛዝ ውስጥ መኖር የነበረባት «ኖት» የምትባል የአሉታ ቃል ሳትታተም ቀረች። ሦስት የላቲን ፊደላት በመጉደላቸው ክልከላው ተገልብጦ ትእዛዝ ሆነ። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ተቆጡ፤ አታሚዎቹ 300 ፓውንድ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው፤ ቅጂዎቹም ተሰብስበው እንዲጠፉ ተደረገ። ከጥፋት የተረፉት ጥቂቶቹ «ክፉው መጽሐፍ ቅዱስ» የሚል ስም ወጥቶላቸው እስከ ዛሬ እንደ ብርቅ ይጠበቃሉ።

የአማርኛ አንባቢ በዚህ ታሪክ ከመሳቁ በፊት የራሱን ቋንቋ ቢመለከት መልካም ነው። «አታመንዝር» ከሚለው ቃል «ታ» ብቻ ብትወድቅ የሚቀረው «አመንዝር» ነው። የለንደኖቹ አታሚዎች አንድ ሙሉ ቃል ሲጥሉ የደረሰባቸው ጉድ አማርኛ ጸሐፊን በአንዲት ፊደል መውደቅ ሊያገኘው ይችላል። በየትኛውም ቋንቋ አሉታ እንዲህ ነው፤ በመጠን ከሁሉ ያነሰ፣ በሸክም ግን ከሁሉ የከበደ። የእንግሊዝኛ አሉታ ታሪክም ይህች ትንሽ ነገር በየዘመኑ ስታልቅና ስትደገፍ፣ ተደግፋም ደግማ ስታልቅ የኖረችበት ታሪክ ነው።

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ አሉታ የሚነገረው ከግሡ በፊት በምትገባ «ኔ» በምትባል አጭር ቃል ነበር። አጭር በመሆንዋም ከተከታይዋ ግሥ ጋር ትጣበቅ ነበር፤ «ኔ» እና «ኢስ» ተጋጥመው «ኒስ» ሲሆኑ «አይደለም» ማለት ነበር። እንግዲህ አሉታን አሳጥሮ መናገር ዛሬ አንዳንዶች እንደሚያስቡት የወጣቶች ስንፍና ወይም የአሜሪካኖች ፈጠራ አይደለም። ልዩነቱ የያኔው አጭር አሉታ በግሡ ራስ ላይ መቀመጡ፣ የዛሬው ደግሞ በጭራው ላይ መንጠልጠሉ ነው። ሰዎች «ወደዱም ጠሉም» ለማለት ዛሬም የሚጠቀሙበት «ዊሊ ኒሊ» የተባለው አነጋገር የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ይሁን እንጂ «ኔ» በአጠራር እየሳሳች ሄደች። ተናጋሪዎችም አሉታው እንዳይጠፋባቸው ከግሡ በኋላ ሌላ ቃል ይጨምሩ ጀመር። የተጨመረው «ናዊህት» ሲሆን ትርጉሙ «ምንም ነገር» ነው፤ ይኸው ቃል እያጠረ መጥቶ የዛሬውን «ኖት» ወለደ። በመካከለኛው ዘመን ግሡ ከፊት በ«ኔ» ከኋላ በ«ኖት» ታቅፎ ቆየ፤ በመጨረሻም የፊተኛይቱ ደጋፊ ፈጽማ ወደቀችና ለድጋፍ የመጣው «ኖት» ባለቤት ሆነ። ይህ መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ ሩቅ አይደለም። ግዕዝ «ኢመጽአ» ሲል የፊተኛዋ «ኢ» ብቻ ትበቃዋለች፤ አማርኛ ግን «አልመጣም» ብሎ ግሡን ከፊት በ«አል» ከኋላ በ«ም» ያቅፈዋል። «ያልመጣ» ሲል ደግሞ የኋለኛይቱን ይተዋታል።

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ሌላ ለውጥ ተከተለ። «አላውቅም» ለማለት ግሡን አስቀድሞ «ኖት»ን ማስከተል እየቀረ፣ «ዱ» የተባለው ረዳት ግሥ በመካከል እየገባ አሉታውን መሸከም ያዘ። የዛሬው ተማሪ ሕጉን ሲሸመድድ የሚያስጨንቀው «ዶንት»፣ «ዳዝንት» እና «ዲድንት» መነሻቸው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ አሉታውን በዋናው ግሥ ላይ አይጭንም፤ ረዳት ግሥ ከሌለ ይጠራለታል እንጂ። ያለፈውን ጊዜም የሚናገረው ረዳቱ ስለሆነ፣ ከ«ዲድንት» በኋላ ዋናውን ግሥ እንደገና ወደ ኃላፊ ጊዜ መለወጥ ስሕተት ይሆናል።

ረዳቱና «ኖት» ጎን ለጎን ከቆሙ በኋላ መጣበቃቸው አልቀረም። በ17ኛው መቶ ዘመን ያጠሩት አሉታዎች በጽሑፍም ይታዩ ጀመር፤ የወደቀው ድምፅ ምልክትም አፖስትሮፍ የተባለችው ትንሽ ጭረት ሆነች። «ዎንት» መልኩ «ዊል» ከሚለው ረዳት ግሥ ጋር የማይመሳሰለው «ዎል» ከተባለው ሌላ አነባበብ ስለ ተወረሰ ነው። ለውጡን ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1710 «ታትለር» በተባለው ጋዜጣ ላይ ቃላትን የሚቆራርጡ ጸሐፊዎችን አፌዘባቸው። ፌዙ ግን የሕዝቡን አንደበት አልመለሰውም። ከእነዚህ አጫጭር ቅርጾች መካከል ዕድለ ቢስ የሆነው «ኤይንት» ነው፤ በአፍ በሰፊው ሲነገር ኖሮ በትምህርት ቤት ተወገዘ። ውግዘቱም ክፍተት ትቶ አለፈ፤ «እኔ አይደለሁም ወይ?» ብሎ መጠየቅ የፈለገ እንግሊዛዊ ለብዙ ቁጥር የሚሆነውን «አርንት» ለነጠላው «እኔ» ለመዋስ ተገደደ።

በ18ኛው መቶ ዘመን የሰዋስው ሊቃውንት በአሉታ ላይ ሌላ ፍርድ አጸኑ። ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ በ1762 ወጥቶ ደጋግሞ የታተመ የሰዋስው መጽሐፍ ነበረው። በዚህ መጽሐፍ አማካይነት ሁለት አሉታዎች አንዱ ሌላውን አጥፍተው አወንታ ይሆናሉ የሚለው ሕግ በሰፊው ተሠራጨ። ሎውዝ የሐሳቡ ጀማሪ አልነበረም፤ ሕጉም ከሕዝቡ አነጋገር ይልቅ ከሒሳብ የቀረበ ነበር። በ1400 የሞተው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር የፈረሰኛውን ጨዋነት ሲገልጽ በሁለት ስንኝ አራት አሉታዎችን ደርድሯል፤ አሉታው በረታ እንጂ አልጠፋም። አማርኛም «ማንም ምንም አልተናገረም» ሲል ሁሉንም በአንድነት ያሰልፋል። ስለዚህ «ማንም አልመጣም»ን በእንግሊዝኛ ሲመልስ «ኖባዲ» ብሎ «ዲድንት» የሚጨምር አበሻ ያለ አእምሮ አልተሳሳተም፤ የሳተው መደበኛው እንግሊዝኛ ከሦስት መቶ ዓመት ወዲህ የመረጠውን መንገድ ነው። በዚህ መንገድ አንዱ አሉታ ከበቃ ሌላው ይቀራል።

አሉታ ከጥያቄ ጋር ሲገናኝ ችግሩ ይበልጥ ይረቃል። ከሎውዝ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በ1532፣ ቶማስ ሞር የሐዲስ ኪዳን ተርጓሚውን ዊልያም ቲንደልን ከነቀፈባቸው ነገሮች አንዱ «ኖ» የምትባል ቃል ናት። የዮሐንስ ወንጌል መጥምቁ ነቢዩ እንደ ሆነ ተጠይቆ እንዳልሆነ መመለሱን ይተርካል። ቲንደል መልሱን «ኖ» ብሎ ተረጎመው፤ ሞር ደግሞ በዚያ ቦታ «ኔይ» ያስፈልጋል ብሎ ተከራከረ። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ አራት መልሶች ነበሩት፤ «ዬይ» እና «ኔይ» በአወንታ ለቀረበ ጥያቄ፣ «የስ» እና «ኖ» በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ። ሞር በ1535፣ ቲንደል በ1536 በሞት ተቀጡ፤ ልዩነቱም ከእነርሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዛሬ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የዚህ መጥፋት ለአማርኛ አስተርጓሚ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል። አማርኛ ተናጋሪ «አልሄድክም?» ሲባል «አዎ» ብሎ የጠያቂውን ቃል ያጸናል፤ አለመሄዱን ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ «የስ» ካለ ግን ሄዷል ማለት ነው። ገበያ ላይ ቢሆን ያስቃል። በስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በፍርድ ቤት ወይም በሐኪም ፊት ግን መዝገብ ላይ የሰፈረች አንዲት «የስ» የሰውን ዕድል ልትለውጥ ትችላለች። የሠለጠነ አስተርጓሚ «አዎ»ን ብቻ አያሻግርም፤ «ኖ» ብሎ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ይጨምርበታል። «መክፈል የለብህም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አማርኛው መከልከልንም ግዴታ አለመኖርንም ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ማስንት»፣ ሁለተኛው «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። በውል ውስጥ ሁለቱን ያቀላቀለ ተርጓሚ ውሉን ለውጦታል።

ያጠረው አሉታ ዛሬም ከመሳሳት አላረፈም። በአሜሪካ አነጋገር «ካን» እና «ካንት» ፈጥነው ሲነገሩ የመጨረሻዋ ድምፅ ተውጣ ባለ አገሩ እንኳ «ምን አልክ?» እስከ ማለት ይደርሳል። በጁላይ 2018 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በሄልሲንኪ ከቭላዲሚር ፑቲን ጎን ቆመው ስለ ምርጫው ጣልቃ ገብነት ሲጠየቁ፣ ሩሲያ የምትሆንበት ምክንያት እንደማይታያቸው ተናገሩ። በማግሥቱ «ዉድ» ያሉት «ዉድንት» ለማለት ፈልገው እንደ ነበር አስታወቁ። ማስተባበያውን የተቀበሉም ያልተቀበሉም ነበሩ። ሁሉም የተከራከረው ግን በአንዲት ጭረትና በሁለት ፊደላት ላይ ነው።

ስለዚህ ሕግና ውል የሚጽፉ ሰዎች «ኖት»ን ሳያሳጥሩ በሙሉ መጻፋቸው ግብዝነት አይደለም። በወዳጅ ደብዳቤና በጭውውት ያጠረው አሉታ ቦታው ነው፤ ሙሉውን በየመስመሩ መደርደር ንግግሩን ያደርቀዋል። ክብደት ባለበት ጉዳይ ግን አሉታው በሙሉ ቁመቱ ይቁም፤ አንባቢውም አራሚውም በዓይኑ ይየው። በ1631 የጎደለችውን ቃል በጊዜዋ ያየ አራሚ ቢኖር ኖሮ ባርከርና ሉካስ 300 ፓውንዳቸው በኪሳቸው በቀረ ነበር።