አክሽን

ጊታሪስት «አክሽኑ ከፍ ብሏል» ሲል ስለ ፊልም አያወራም። አክሽን ከክሩ ሥር እስከ ፍሬቱ፣ ማለትም የጣት ሰሌዳው ላይ በአግድም እስከተተከለው የብረት መስመር፣ አናት ያለው ክፍተት ነው። ሲሰፋ ጣት ይደክማል፤ ክሩም ሲጫኑት ከመጠን በላይ ስለሚወጠር ድምፁ ከቅኝቱ ሽቅብ ይሸሻል። ማሲንቆ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ጣት ክሩን ይይዘዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጋጥመውም።

ፌንደር ስትራቶካስተር በተባለው ኤሌክትሪክ ጊታር እያንዳንዱ ክር ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ) ላይ የራሱ መቀመጫ አለው፤ ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች በቀጭን አለን ቁልፍ ሲያዞሯቸው ዝቅ ይላል። 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ገደማ የተለመደ ልክ ነው። በጣም ከወረደ ክሩ ፍሬቶቹን እየነካ ይንጫረራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩት ስትራቶካስተሮች ደግሞ የጣት ሰሌዳቸው ጎበጥ ያለ ስለሆነ፣ ላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ቀጭኑን ክር ሳብ ሲያደርጉት ድምፁ ድንገት ይታፈናል።

አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት በመጠምዘዝ አክሽን የሚያወርዱ አሉ። አልስማማም፤ የብረቱ ሥራ የአንገቱን ጉብጠት ማስተካከል ነው። ጉብጠቱ ይቅደም፣ መቀመጫዎቹ ይከተሉ፤ ከዚያ ቅኝቱ እንደገና ይታይ። ጥቂት መንጫረር ቢቀርም በአምፕሊፋየሩ እስካልተሰማ ድረስ ባይነካ ይሻላል።