እንሶስላ

እንሶስላ (በሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ) በኢትዮጵያና በአጎራባች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የሚበቅል፣ ሥሩ እጅና እግርን ለማቅለም የሚያገለግል ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የእጽዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ነው። «ቲንክቶሪያ» በሮማይስጥ ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ነው።

የተክሉ ጸባይ

ግንዱ ለስላሳና ውኃ የቋጠረ ሲሆን እስከ 2 ሜትር ሊያድግ ይችላል። አበባው ነጭ ሆኖ መካከሉ ወይን ጠጅ ቀለም አለው፤ ከኋላው ረጅም ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ሽታው ሲመሽ ይጠነክራል፤ ይህም የሌሊት የእሳት ራቶችን ይስባል። ፍሬው ሲበስል በትንሽ ንክኪ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። ከመሬት በታች ድንች መሰል ወፍራም ሥር አለው።

አስተዳደግ

በተፈጥሮ የሚገኘው በደጋና በወይና ደጋ፣ በወንዝ ዳርና በጫካ ጥላ ሥር ነው። ስለዚህ በጓሮ ሲተከልም ከቀትር ፀሐይ የተከለለ፣ ብስባሽ የበዛበትና እርጥበት የሚይዝ አፈር ይመረጣል። አፈሩ ከደረቀ ቅጠሉ ወዲያው ይጠወልጋል፤ ውኃ ከተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል። በዘር ይራባል፤ ሆኖም ቡቃያ ያለውን የሥር ቁራጭ መትከል ይቀላል። ለጋውን ቡቃያ ቀንድ አውጣ ይወደዋል። ውርጭ ላዩን ቢያጠፋው፣ ሥሩ በደረቅ ቅጠል ከተሸፈነ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በእንግሊዝ አገር በአትክልት ቦታዎች የሚቆየው በዚህ መንገድ ነው።

ዋናው ችግር አሰባሰቡ ላይ ነው። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ፣ ከጫካ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ሲወሰድ ተክሉ በቦታው አይተካም። በጓሮ የሚያለማ ሰው ግን ከሥሩ የሚፈልገውን ቆርጦ፣ ቡቃያ ያለበትን ክፍል መልሶ መቅበር ይችላል።

ጥቅም

ሥሩ ታጥቦና ተልጦ ይወቀጣል፤ ከዚያም በእጅ፣ በእግርና በጥፍር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ወይም በቅጠል ይታሰራል። አብዛኛውን ጊዜ ታስሮ ያድራል። ሴቶች በተለይ ለሠርግና ለበዓል ይሞቁታል (መቀባቱ «እንሶስላ መሞቅ» ይባላል)። በቆዳ ላይ ያለው ቀለም ቆዳው በታደሰ መጠን በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ የጥፍሩ ግን ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ይቆያል።

እንሶስላ ከሂና ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሂና የሚዘጋጀው ከሌላ ቁጥቋጦ ቅጠል ነው፤ ሁለቱ በዝምድና የተራራቁ ናቸው። ሆኖም ላውሶን የተባለው የሂና ማቅለሚያ ንጥረ ነገር በእንሶስላ ወገን ተክሎችም ውስጥ ይገኛል።