ኮልትና አዳምስ፤ የሁለት ሽጉጦች ውድድር በሎንዶን

በሜይ 1 ቀን 1851 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፣ በሃይድ ፓርክ፣ ከብረትና ከመስተዋት በተሠራው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ታላቁ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከልዩ ልዩ አገር ከመጣው ዕቃ መካከል ሁለት ዓይነት ሽጉጦች ይገኙ ነበር። አንደኛው የአሜሪካዊው የሳሙኤል ኮልት፣ ሁለተኛው የእንግሊዛዊው የሮበርት አዳምስ ሥራ ነበር። ሁለቱም በአገራችን ባለ ብዙ ጎራሽ ከምንለው ወገን ናቸው፤ ጥይቱ በሚሽከረከር ቤት ውስጥ ስለሚደረደር ባለቤቱ እንደ ገና ሳያጎርስ ደጋግሞ ሊተኩስ ይችላል። አሠራራቸው ግን በብዙ ነገር ይለያያል።

ስለነዚህ መሣሪያዎች የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን አሸናፊ፣ ሌላውን ተሸናፊ አድርገው ነገሩን ይዘጋሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው ግን ክርክሩ ያልተቋጨው ሁለት ጥያቄዎች በአንድነት ስለ ተቀላቀሉ ነው። የመጀመሪያው፣ በጭንቅ ሰዓት በወታደር እጅ ውስጥ የሚሻለው ሽጉጥ የትኛው ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለብዙ ሺህ ሰው በአጭር ጊዜ ሊዘጋጅ የሚችለው የትኛው ነው? የሚል ነው። በመጀመሪያው አዳምስ ረታ፤ በሁለተኛው ኮልት ረታ።

ኮልት በ1814 ዓ.ም. በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። የፈጠራ መብቱን በእንግሊዝ አገር በ1835፣ በአሜሪካ በ1836 አገኘ። በፓተርሰን ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1842 ቢዘጋም፣ በሜክሲኮ ጦርነት ጊዜ በ1847 የአሜሪካ መንግሥት 1000 ሽጉጥ ስላዘዘው ሥራው እንደ ገና ነፍስ ዘራ። ሎንዶን ሲደርስ ስሙ ቀድሞት ነበር። አዳምስ በበኩሉ ዲን በሚባሉ የሎንዶን ጠመንጃ ሠሪዎች ቤት ሥራ አስኪያጅ የነበረ የእጅ ጥበብ ሰው ነው። ሽጉጡን በዚያው በ1851 ዓ.ም. አስመዝግቦ የዲኖች ሸሪክ ሆነ።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንመለስ። ኔቪ የሚባለው የኮልት ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ነው። ተኳሹ በእያንዳንዱ ጥይት መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ መሳብ አለበት፤ በዚያን ጊዜ የጥይቱ ቤት ይዞራል፤ ከዚያም ቃታው ጥቂት ሲነካ ይተኮሳል። አዳምስ ግን አምስት ጎራሽ ሲሆን መዶሻው አውራ ጣት የሚይዘው ጆሮ እንኳ የለውም። ቃታው አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሲሳብ የጥይቱን ቤት ያዞራል፣ መዶሻውን ያነሣል፣ መልሶም ይለቀዋል። በአንድ እጁ ጎራዴ ወይም ልጓም ለያዘ መኮንን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቃታው ረጅምና ከባድ ስለሆነ በሚሳብበት ጊዜ አፈሙዙን ያንቀጠቅጠዋል። ጠላቱ ሩቅ ለሆነና አልሞ ለመተኮስ ፋታ ላለው ሰው ኮልት ይሻላል።

የአዳምስ አፈሙዝና አካል ከአንድ ብረት የተቀጠቀጠ ስለሆነ ጠንካራ ነው። የኮልት አካል ከላይ ክፍት ነው፤ አፈሙዙን የምትይዘውም አንዲት ሽብልቅ ናት። የፈነዳው ካፕሱል ስብርባሪም በመዶሻው ሥር እየወደቀ ሥራውን የሚያግድበት ጊዜ ነበር። በዚህ ሁሉ አዳምስን እናመሰግናለን። ሆኖም ኮልት ከአፈሙዙ በታች ጥይቱን አጥብቆ የሚጠቀጥቅ ዘንግ ሲኖረው፣ የ1851ዱ አዳምስ ይህ አልነበረውም። ጥይቱ በጣት ተገፍቶ ስለሚገባ ባለቤቱ በፈረስ ሲጋልብ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ይህ ጉድለት በኋላ መጠቅጠቂያ ተጨምሮለት ታረመ።

የጥይቱም ነገር አለ። እንግሊዞች የመሣሪያን ልክ የሚቆጥሩት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በሚወጡት ድቡልቡል ጥይቶች ቁጥር ነበር። ትልቅ የሆነው የአዳምስ ሽጉጥ ልኩ 38 ነው፤ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ያህል ስለሆነ የአንዱ ጥይት ክብደት 12 ግራም ገደማ ይሆናል። የኮልት ኔቪ ድቡልቡል ጥይት ግን ከ5 ግራም ብዙም አያልፍም። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል፤ በጦር ሜዳ ምን እንዳስከተለ ግን ወደ ፊት እናያለን።

ኮልት የበለጠው በሌላ በኩል ነው። በኖቬምበር 1851 በሎንዶን የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ቀርቦ ሽጉጥን በመኪና ኃይል ስለ መሥራት ንግግር አደረገ። በ1853 በፒምሊኮ ሠፈር በቴምዝ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ከፈተ። ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው መጽሔት በ1854 የወጣ አንድ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ በፋብሪካው ከተቀጠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አናጢ፣ ሥጋ ሻጭ፣ ባርኔጣ ሠሪ የነበሩ እንጂ ጠመንጃ ሠሪዎች አልነበሩም። ሴቶች ልጆችም በመኪናዎቹ ላይ ይሠሩ ነበር። ለሎንዶንና ለበርሚንግሃም የጥንት ባለ ሙያዎች ይህ ከማናቸውም ነገር ይልቅ የሚያስደነግጥ ወሬ ነበር፤ ልጅ ከአባቱ ብዙ ዓመት የሚማረውን ሥራ ትናንት ሥጋ ይሸጥ የነበረ ሰው ዛሬ ሲሠራው ማየት ቀላል አይደለምና።

በዚህ ላይ ግን ማጋነን አይገባም። ኮልት የሽጉጡ ክፍሎች አንዱ በሌላው ቦታ ሊተካ ይችላል እያለ ይመካ ነበር፤ በእውነቱ ግን ክፍሎቹ ከመኪናው ከወጡ በኋላ በሞረድ እየተስተካከሉ ነበር የሚገጣጠሙት። የአንዱ ሽጉጥ ክፍሎች ከሌላው ጋር እንዳይደባለቁም ቁጥር ይመታባቸው ነበር። ያ ቁጥር ዛሬም በቤተ መዘክር በሚታዩት የኮልት ሽጉጦች ላይ ይነበባል። አንዱ በሌላው ቦታ በቀጥታ የሚገባ ቢሆን ኖሮ የቁጥሩ ጥቅም ምን ነበር?

ክርክሩ በቃል ሳለ በማርች 1854 እንግሊዝ በሩሲያ ላይ ጦርነት አወጀች። የባሕር ኃይሉ ወዲያው 4000 የኮልት ሽጉጥ አዘዘ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም የእንግሊዝ መንግሥት የገዛው በጠቅላላው ከ20 ሺህ በላይ ሆነ። በዚያን ጊዜ አዳምስ ይህን ያህል ሊያቀርብ አይችልም ነበር። (ኮልት ራሱ ወገን አልለየም። በወርቅ ያጌጠ ሽጉጥ ለቱርኩ ሱልጣን ለአብዱል መጂድ አሠርቶ ነበር፤ የሱልጣኑ ጠላት ለነበረው ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለቀዳማዊ ኒኮላስም በዚያው በ1854 ሽጉጥ አበረከተ።) የእንግሊዝ መኮንኖች ግን የጎን መሣሪያቸውን የሚገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነበር፤ ከነርሱም ብዙዎቹ አዳምስን መረጡ። መንግሥት የሚያስበው ስለ ቁጥር ነው፤ መኮንኑ የሚያስበው ስለ ራሱ ነፍስ ነው።

በኖቬምበር 5 ቀን 1854 በኢንከርማን ጦርነት፣ ከ88ኛው ሬጅመንት ክሮስ የተባለ መኮንን በሩሲያ ወታደሮች ተከበበ። በኋላ ለአዳምስ በላከው ደብዳቤ እንደ ገለጸው፣ አራት ሰዎች በሽጉጡ መትቶ ጣለ፤ አራተኛውን እንደ መታም ጭኑን በሳንጃ ተወጋ። በእያንዳንዱ ጥይት መዶሻ ማንሣት ቢያስፈልገው ኖሮ በሕይወት እንደማይተርፍ ይናገራል። ደብዳቤው ለሠሪው የተጻፈ ምስጋና ስለሆነ ብቻውን እንደ ፍርድ ሊቆጠር አይገባውም። ሽጉጡ የከዳው ሰው ደብዳቤ ለመጻፍ አልተረፈም። ቢሆንም የቁስሉ ቦታ ራሱ ጠላት ምን ያህል ቀርቦት እንደ ነበር ስለሚያስረዳ፣ በዋናው ነገር ክሮስን እናምነዋለን።

ስለ ጥይቱ ክብደት የሚነገረው ሌላው ምስክርነት የመጣው በ1857 በሕንድ አገር ከተነሣው ዐመፅ ነው። ፎስበሪ የተባለው መኮንን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ተናገረው፣ በተኩስ ችሎታው የሚመካ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ጎራዴ ይዞ ከሚመጣበት ዐመፀኛ ጋር ተጋጠመ። የያዘው የኮልት ኔቪ ነበር። ጥይቶቹ ተቀራርበው ደረቱን መቱት፤ ሰውየው ግን አልቆመም፤ ደርሶ መኮንኑን በጎራዴው ራሱን ፈለጠው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የኮልት አልሞ የመምታት ችሎታ አልጎደለም፤ የጎደለው የእርሳሱ ክብደት ነው።

በክሪሚያ ዘምቶ የነበረ ፍሬድሪክ ቦሞንት የተባለ የመሐንዲስ ጦር መኮንን በ1856 መጀመሪያ ላይ የሁለቱን ጥቅም በአንድ መሣሪያ አዋሐደ። በአዳምስ መዶሻ ላይ የአውራ ጣት ጆሮ ጨምሮ ሞላዎቹን አስተካከለ። ስለዚህ ባለቤቱ ጊዜ ሲኖረው እንደ ኮልት መዶሻውን አንሥቶ አልሞ ይተኩሳል፤ ሲጣደፍ እንደ አዳምስ ቃታውን ብቻ ይስባል። የእንግሊዝ ጦር ይህንን ቦሞንት አዳምስ የተባለውን ሽጉጥ በዚያው ዓመት ተቀበለ። ሰላም ሆኖ የመንግሥት ትእዛዝ ስለ ቀረና ገበያውም ወደ አዲሱ ሽጉጥ ስላዘነበለ፣ ኮልት በ1856 መጨረሻ የሎንዶኑን ፋብሪካ ዘጋ። እስከዚያ ድረስ ከ40 ሺህ በላይ የኔቪ ሽጉጦች በዚያ ተሠርተው ነበር።

ኮልት ተሸንፎ ሄደ የሚሉት ጸሐፊዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። በ1854 የእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ጦር መሣሪያ አሠራር የሚመረምር ኮሚቴ አቁሞ ነበር፤ ኮልትም ከመስካሪዎቹ አንዱ ነበር። መንግሥት ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ መኪናዎች ገዝቶ በኤንፊልድ የጠመንጃ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተቀጠረውም ጄምስ በርተን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። አዳምስ የገባበት ሎንዶን አርመሪ የሚባለው ኩባንያም ቢሆን ዋና ሥራውን ወደ ኤንፊልድ ጠመንጃ ስላዛወረ፣ አዳምስ ትቶት ወጣ።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ ጦሩ የአውራ ጣቱን አሠራር አልተወም፤ በ1873 የመረጠው የኮልት ሽጉጥ አሁንም መዶሻው በየጥይቱ የሚነሣ ነበር። ሳሙኤል ኮልት በ1862 ሞቷል። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ ቃታው ብቻ ሲሳብ የሚተኩስ ሽጉጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያወጣው በ1877፣ ማለት አዳምስ የራሱን ካስመዘገበ ከ26 ዓመት በኋላ ነው።